የብስባሽ ስፍር

ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቈጥር ዘንድ፥ ይህንንም ሳያደርግ መሠረቱን ጥሎ የቀረ እንደ ሆነ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ መዘባበቻ እንደሚሆን ወንጌል በግልጥ ይመክራል። ግንብ ሳይሆን ሣር፥ ድንጋይ ሳይሆን ፍግ ያሰበ ሰው ግን ቍጥሩን ከወዴት እንደሚጀምር ከዚያው ከወንጌል ቢፈልግ የሚያገኘው፥ ፍሬ አልሰጥ ያለችውን በለስ ጌታው አንድ ዓመት እንዲታገሣት የለመነውን የወይን ጠባቂ ብቻ ነው፤ እርሱም ዙሪያዋን ኰትኵቶ ፍግ እንደሚያፈስባት ቃል ሲገባ፥ ስንት ቁና ወይም ስንት እንቅብ እንደሚያፈስ ሳይናገር ነገሩን በዚያው ያልፈዋል። ለሊቃውንቱ ምሥጢሩ በቅቷቸዋል፤ አትክልተኛ ግን መጠኑን ሳያውቅ ሥራ አይጀምርም።

በወላይታ ምድር ይህ የመጠን ጥያቄ ሳይነሣ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ የሚጠይቅ ሰው ስለ ጠፋ ሳይሆን መልሱን ላሚቱ ራሷ በየማለዳው ትሰጥ ስለ ነበር ነው። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር በሚያድርበት በገጠሩ ቤት፥ የቤቱ እመቤት ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የሌሊቱን አዛባ ከምድጃው አመድና ከግቢው ጥራጊ ጋር አንድ ላይ ጠርጋ በቅርጫት ታወጣና፥ በጓሮው ከቆመው እንሰት ሥር ትደፋዋለች፤ ዛሬ ለወዲያኛው ከሆነ ነገ ለወዲህኛው ነው፤ ከየትኛው እንደ ደረሰች ደግሞ መዝገብ ሳትይዝ ታውቀዋለች። እንዲህ በየዕለቱ ሲመገብ የኖረው የቤት ዙሪያ መሬት በአገሩ ሰው አነጋገር ዳርኮ ይባላል፤ መልኩ የጠቈረ፥ እጅ ሲገባበት የሚለሰልስ፥ እንሰቱንና ቡናውን፥ ጎመኑንና ጎደሬውን ተሸክሞ የማይደክም ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ የሚገኘው ሾቃ የተባለው መሬት ግን፥ ቅርጫቱ እስከዚያ ድረስ ስለማይዘልቅ፥ ቀልቶና ከስቶ የተሰጠውን በቆሎ እንደ ምንም ያበቅላል።

ላም የሌለው ድኻም ቢሆን ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልነበረም። ላም ካለው ሰው ሃራ በሚባለው ውል ተቀብሎ ሲያረባ ወተቱን ለልጆቹ፥ እበቱን ለእንሰቱ ያውላል፤ ስለዚህም በወላይታ አንዲት ላም ስትገመት ከጡቷ የሚወርደው ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ የሚወጣውም ከሀብት ተራ ይገባል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመውና ዋዱ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ክፍል የፋብሪካ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው ማዳረስ ሲጀምር፥ ኪሎና ኩንታል ከሾቃው ማሳ ገቡ፤ ዳርኮው ግን በቅርጫቱ ጸና፤ እስከ ዛሬም ከቅርጫቱ አልወጣም።

ነገሩ የተወሳሰበው ወደ ከተማ ሲወርድ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ወላይታ ሶዶ፥ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ተመሥርቶ የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፥ እንግዳዋ በዝቶ መሥሪያ ቤቷም ተበራክቶ፥ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ፥ ሆቴሉ ሁሉ፥ ቤተ ክርስቲያኑና ዕድሩ ሳይቀር ግቢውን አረንጓዴ ያላለበሰ እንደ ሆነ ዕርቃኑን የቆመ ይመስለው ጀምሯል። የከተማ ግቢ ደግሞ ዳርኮ አይደለም፤ ቤት ሠሪው ለሙን አፈር ከላይ ጠርጎ ከወሰደ በኋላ በምትኩ የሲሚንቶ ፍርካሽ፥ የብሎኬት ስባሪና የዛገ ሚስማር ትቶለት ሄዷል። እንግዲህ የግቢው ባለቤት የአፈሩን ሕይወት ከውጭ ገዝቶ ማስመጣት ግድ ሲሆንበት፥ እናቱ በዘመኗ አንድም ቀን «ስንት?» ብላ ያልጠየቀችውን ነገር ስልክ አንሥቶ «ስንት መኪና ይበቃኛል?» ይላል። ጥያቄው ከመሬቱ ሳይሆን ከመኪናው መጀመሩን ልብ ይሏል።

የእኛ ዕድር ይህንኑ ጥያቄ በአንድ እሑድ ከቀትር በኋላ እንዴት እንደ መረመረው መተረክ፥ ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ስለ ሆንሁ፥ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእኔ ይቀለኛል። ግቢው 40 ሜትር በ12 ሜትር ነው፤ ድንኳን የሚተከለው፥ ወንበር የሚደረደረው፥ ለቅሶ የሚደረሰውም በዚያው ነው። ሣር ይተከል፥ አበባ ይኑር፥ በአጥሩ ዙሪያ ደግሞ 20 ዛፍ ይቁም በሚለው አሳብ ላይ አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም፤ በሶዶ ከተማ ዛፍን ተቃውሞ ከዕድርተኛ ጋር ዐብሮ መኖር የሚችል ሰው ያለም አይመስለኝ። ብስባሹ ስንት ይታዘዝ በተባለ ጊዜ ግን እያንዳንዱ አባል የገዛ ሙያውን መጽሐፍ ገልጦ ያነብ ጀመር።

ሊቀ መንበራችን በአሸዋና በጠጠር ንግድ የከበሩ ሰው ስለ ሆኑ ከሲኖትራክ ያነሰ ስፍር አያውቁም፤ ስለዚህ «ሁለት ሲኖ ይራገፍና ይታይ» ሲሉ ፈረዱ። ግንበኛው አባላችን ተነሥቶ ማናቸውም ቍጥር ቢወሰን ለብክነት ከመቶ 10 እንዲጨመርበት አሳሰበ፤ ዋናው ቍጥር ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ እርሱ የመጣው ስለ 10ሩ ብቻ መሆኑን ገለጠ። በጡረታ ያሉት የሒሳብ መምህር፥ ዕድሜ ልካቸውን በጠመኔ የኖሩ ሰው እንደ መሆናቸው፥ ከወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሥለው፥ 40 በ12 ሲባዛ 480 ካሬ ሜትር መሆኑን፥ በዚህም ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብስባሽ ቢነጠፍ 24 ሜትር ኩብ መሆኑን ያለ አንዳች ማመንታት አሳዩ። ጉባኤውም በሒሳቡ ጥራት ተደስቶ ሊያጨበጭብ ሲል፥ አትክልት የምትነግድ አንዲት እኅታችን «መምህር ሆይ፥ 5ቱን ሳንቲ ሜትር ከየት አመጡት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል፤ የብስባሽ ስፍር ምሥጢር በሙሉ ያለው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነውና። ርዝመትንና ስፋትን ማባዛት ከአራተኛ ክፍል ልጅ ችሎታ አያልፍም፤ ሜትር ይዘረጋል፥ ቍጥሩ ይነበባል፥ ነገሩ ያልቃል። ውፍረቱ ግን በሜትር አይነበብም፤ ውፍረት የሚወሰነው በሚተከለው ተክልና በአፈሩ ረኃብ፥ አንዳንድ ጊዜም በተናጋሪው ድምፅ ጉልበት ነው። በግቢያችን ላይ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር 4.8 ሜትር ኩብ ትበላለች፤ ይህም አንድ አይሱዙ ሙሉ ማለት ነው። እኅታችን መሬቱ የተራበ ስለ ሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ይገባዋል ባለች ጊዜ 24ቱ ሜትር ኩብ በአንድ ቃል 48 ሆነ። አንድ አረጋዊ ደግሞ ሳንቲ ሜትር የሚባለው ነገር ጠብ ከማስነሣት በቀር ስለማይጠቅም እንደ ቀድሞው በጣት ይለካ፥ ሦስት ጣት ይብቃ ብለው ማለፊያ የእርቅ አሳብ አቀረቡ፤ ነገር ግን የማን ሦስት ጣት እንደ ሆነ ለመወሰን የግንበኛው እጅና የመምህሩ እጅ ከጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ፤ ይህ በግቢው ስፋት ሲባዛ ከ7 ሜትር ኩብ በላይ ስለሚመጣ፥ የአንድ ሰው ጣት መወፈር ዕድሩን የአንድ መኪና ተኩል ዋጋ ሊያስከፍለው ሆነ።

በዚህ ጊዜ መሪጌታ ጉባኤውን ከዚህ ሥጋዊ ክርክር ሊያወጡት ፈልገው፥ መለኪያ ከላይ የተሰጠው አንድ ሰው ብቻ እንደ ነበረ፥ እርሱም ኖኅ መሆኑን አወሱ፤ ርዝመቱ 300 ክንድ፥ ወርዱ 50 ክንድ፥ ቁመቱ 30 ክንድ። ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የሆኑት ሽማግሌያችንም ራሳቸውን በመነቅነቅ አጸደቁ፤ በሌላው ነገር ሁሉ ሲከራከሩ የኖሩት ሁለቱ አባቶች በመርከቡ ልክ ላይ ሳይለያዩ በመገኘታቸው ጉባኤው ተጽናና። መምህሩ ጠመኔያቸውን አንሥተው ክንዱን በግማሽ ሜትር ቢመነዝሩት መርከቡ 56,250 ሜትር ኩብ የሚይዝ፥ ይኸውም በሊቀ መንበሩ ስፍር ከ3,500 ሲኖ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ግንበኛው ግን በሙያው ልማድ ስለ ብክነቱ ማሰቡን ስላልተወ፥ ያ ሁሉ እንስሳ ዓመት ያህል ተዘግቶ ሲቀለብ እበቱ ወዴት እንደ ደረሰ ጠየቀ። ማንም ሊመልስለት አልቻለም፤ ከወንበሩ ጫፍ አንድ ድምፅ «ወደ ውኃው ተጥሎ ይሆናል» ከማለቱ በቀር። መሪጌታ ግን ጥቂት ካሰቡ በኋላ፥ ኖኅ ከመርከቡ እንደ ወረደ ወይን መትከሉን፥ ወይኑም ምን ያህል እንዳማረለት በኋላ በሰውየው ላይ ከደረሰው ነገር መረዳት እንደሚቻል አስታውሰው፥ «እንግዲያውስ አልጣለውም፤ መጠኑን ግን ሳያበዛው አልቀረም» ሲሉ ፈቱት። ይህ ትርጓሜ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ተጠይቆ ነበር፤ ሁለቱ አባቶች ተመካክረው ይቅር ብለዋል።

ገንዘብ ያዣችን እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ነበር። እኒህ ሰው የዕድሩን ሣጥን ቍልፍ ከያዙ ጀምሮ አንዲት ሳንቲም ያለ ደረሰኝ የወጣችበት ቀን የለም፤ በደረሰኝ የወጣችውንም ሲያስቡ ዐዝነው ይውላሉ። ተነሥተውም ሁምቦን አነሡ። ከሶዶ በስተ ደቡብ ባለው በሁምቦ ወረዳ፥ ተራቁቶ የነበረው ተራራ ከብትና ምሣር ተከልክሎበት 2,728 ሄክታር ደን እንደ ገና እንደ ለበሰ፥ ይህም ሥራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መዝገብ ገብቶ ከካርቦን ሽያጭ ለሕዝቡ ገንዘብ እንዳመጣ አውስተው፥ «ለዚያ ሁሉ ተራራ ስንት መኪና ብስባሽ ታዘዘ? ምንም!» በማለት ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። ነገሩ እውነት በመሆኑ ጉባኤው ደነገጠ። ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በግብርና የተመረቀው ወጣት ግን በትሕትና ፈቃድ ጠይቆ፥ «አባቶቼ፥ ሁምቦ ላይ ዛፉ ይቆረጥ እንጂ ጉቶውና ሥሩ ከመሬት ውስጥ በሕይወት ነበረ፤ የተሠራው ሥራ እየተመረጠ የሚያቈጠቍጠውን መግረዝና መጠበቅ ነው። በእኛ ግቢ ቢቈፈር ግን የሚገኘው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ቢጠብቁት አያቈጠቍጥም» ሲል መለሰ።

ገንዘብ ያዡ በዚህ ተሸነፉ የሚል ሰው እርሳቸውን አያውቅም። ዐሥር ብር ለማዳን አገር የሚዞር ሰው አንዳንድ ጊዜ ጠቢቡ ተቀምጦ ያላገኘውን እውነት በመንገድ ላይ ያገኘዋል፤ እርሳቸውም ወጥተው ግቢውን በርምጃ ሲለኩ ቈይተው ሲመለሱ፥ በድንጋይ በተነጠፈው መተላለፊያ፥ በውኃው ታንከር ሥርና ለድንኳኑ በተከለለው ቦታ ላይ ምን ሊተከል እንደ ታሰበ መምህሩን ጠየቁ። ምንም አልታሰበም። ሦስቱ ቦታዎች ተደምረው 100 ካሬ ሜትር ሆኑ። ሒሳቡ እንደ ብርጭቆ የጠራው መምህር ብስባሹን በድንጋይ ላይ ሲያነጥፉ መዋላቸውን ሰምተው ጠመኔያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ ገንዘብ ያዡ ግን በድላቸው ሳይኵራሩ ከቤቱ ጣራ ክፈፍ ሥር ያለውም ቦታ ይቀነስ ዘንድ ቢለምኑ፥ ሣሩ የሚያርፈው ከዚያ ላይ ስለ ሆነ አልተፈቀደላቸውም።

ተክል የሚያርፍበት መሬት 380 ካሬ ሜትር ብቻ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፥ ወጣቱ ይህንኑ በሦስት ከፈለው። ሣር ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ፥ ብዙ ብስባሽ ቢሰጡት መሬቱ በኋላ ወርዶ ጎድጓዳ ስለሚሆን፥ ለ300 ካሬ ሜትር ሣር 2 ሳንቲ ሜትር ተነጥፎ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል፤ ይህ 6 ሜትር ኩብ ነው። አበባ ተመጋቢ ስለ ሆነ ለ60 ካሬ ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰጠውና አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ይኰትኰትለት፤ ይህ 3 ሜትር ኩብ ነው። ዛፍ ደግሞ የሚሰፈርለት በምንጣፍ ሳይሆን በጉድጓድ ነው፤ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ሲሦው ብስባሽ፥ ቀሪው የራሱ አፈር ቢሆን ለ20ው ዛፍ 1.44 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ ጉድጓዱን ሞልቶ ብስባሽ ብቻ መስጠት ግን ለዛፉ ውለታ አይደለም፤ ምግቡን ከደጁ ያገኘ ሥር ወደ ሩቅ ሄዶ መፈለግን አይማርምና። ሲደመር 10.44 ሜትር ኩብ መጣ። ልል ሆኖ የተጫነ ብስባሽ ውኃ ሲጠጣና ሲረገጥ ስለሚወርድ አንድ አምስተኛ ተጨምሮለት 12 ሜትር ኩብ ተኩል ሆነ፤ በሊቀ መንበሩ ሁለት ሲኖ 32፥ በእኅታችን 48 የነበረው ማለት ነው።

አዛዡ ቍጥሩን ማወቁ ግን ግማሽ መንገድ ነው፤ ሌላው ግማሽ በሻጩ እጅ ነው። በገበያው የሚሸጠው በመኪና ሲሆን፥ መኪና ደግሞ ሲሸጥ ሰፊ፥ ሲራገፍ ጠባብ ነው። ለዚህ ነገር የተሻለ መድኃኒት አላየሁም፤ ክፍያው ሳይፈጸም ከመኪናው ላይ ወጥቶ የጭነቱን ሣጥን ርዝመት፥ ስፋትና ቁመት በሜትር መለካት ነው። ለእኛ የቀረበልን አይሱዙ 4.2 ሜትር በ2 ሜትር፥ ቁመቱም 60 ሳንቲ ሜትር ስለ ነበር፥ በሻጩ አንደበት የተነገረለት ምንም ይሁን ምን፥ በሜትር የሚናገረው 5 ሜትር ኩብ ነበረ። በኩንታል ልሽጥላችሁ የሚለውንም ሻጭ፥ በተለይ በበልግና በክረምት፥ በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ በደረቅ ወራት አንድ ሜትር ኩብ ብስባሽ 500 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን፥ ዝናብ ሲያድርበት ሚዛኑ ብዙ ከፍ ይላል፤ ትርፉም ሁሉ ውኃ ነው። ወላይታ ውኃ በክረምት ገዝቶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ግን የመጣው ነገር ብስባሽ ከሆነ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ትናንት ከበረት የወጣውን እበትና ትናንት የታጨደውን ሣር ቀላቅሎ ያመጣዋል፤ ክምሩ ውስጡ እስከ 60 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳት ይዞ እየጤሰ ሲመጣ የማያውቅ ሰው በኃይለኛነቱ ይደሰታል። እጅን ወደ መካከሉ ማግባትና ማሽተት ነው፤ ከሞቀና ከገማ አልበሰለም፤ ከቀዘቀዘና ሽታው የዝናብ ዕለት የዱር አፈር ሽታ ከሆነ ደርሷል። ጥሬውን የገዛ ሰው ሲበሰብስ ወደ ግማሽ እንደሚወርድበት አውቆ ዕጥፍ ማዘዝ አለበት፤ ለእኛ 12 ተኩሉ 25 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ወጣቱ ሲናገር መምህሩ ቀና አሉ፤ የእርሳቸው 24 ለጥሬ እበት ቢታሰብ ኖሮ ሊሳካ ምንም አልቀረውም ነበርና።

በክርክሩ መካከል ከእኔ በቀር ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር፤ ጸሐፊ አሳብ እንዲሰጥ ስላልተጠየቀ ከዚህ እጽፈዋለሁ። በ5 ሳንቲ ሜትር ሒሳብ አንድ ሄክታር ይሸፈን ቢባል 500 ሜትር ኩብ፥ ይኸውም 2,500 ኩንታል ያህል ብስባሽ ይፈጃል። የመምህሩ 24 ሜትር ኩብ ብቻውን 120 ኩንታል ያህል ይመጣል፤ የሚፈሰውም ከሄክታር 20ኛ እጅ በማትሞላ ግቢ ላይ ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከ1988 ዓ.ም. ጀምረው በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ብስባሽን ከፋብሪካው ማዳበሪያ ጎን ለጎን ሲሞክሩ፥ ብስባሹ የእህሉን ምርት ከማዳበሪያው ሳያሳንስ የሰጠው በሣር ግቢ ላይ ሳይሆን በተራበ ማሳ ላይ ነው፤ ገበሬውም ያን ብስባሽ ያገኘው በስልክ አዝዞ ሳይሆን ከየጓሮው እየቃረመ ነው። በወላይታ ደግሞ መሬት ጠባብ፥ ሰው ብዙ፥ ላም ጥቂት ነው። ወደ ከተማ በመኪና የሚወጣው እበት ከአንዱ እንሰት ሥር የተነሣ ወይም ለአንዱ ሾቃ ሳይደርስ የቀረ ነው፤ ስለዚህ ለዕድር ሣር ውፍረት ሲታዘዝ አንድ ሳንቲ ሜትር በከንቱ ያበዛ ሰው የዕድሩን ገንዘብ ብቻ አላባከነም። ለምለም ሣር አልጠላም፤ ነገር ግን በሣርና በቆጮ መካከል ዳኛ አድርጋችሁ ብታስቀምጡኝ ለቆጮ እፈርዳለሁ።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ሻጩ ግማሽ መኪና አልሸጥም ስላለ ሁለት አይሱዙ የበሰለ ብስባሽ፥ ማለት 10 ሜትር ኩብ፥ ተለክቶ ይገባል፤ የጎደለው 2 ሜትር ኩብ ተኩል ከአባላቱ ጓዳና ጓሮ በሚመጣ የእንሰት ቅጠል፥ የቡና አተላ፥ አመድና እበት በግቢው ማዕዘን ተከምሮ እስኪበስል ይጠበቃል፤ እስከዚያ ድረስ አበባው ይተከልና የሣሩ አንድ ክፍል ይቈያል። ሊቀ መንበሩ፥ መምህሩ፥ መሪጌታና ገንዘብ ያዡ ፈርመዋል። ግንበኛው ከመቶ 10 ይጨመር ያለው አሳብ በድምፅ ብልጫ ወድቋል።